የሌሊቷ ባዝራ ሞክሼ

አኔት ስትደውልልኝ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኩን ሳነሳው መጀመሪያ የተሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነው። ቆይታ፣ «እናቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ በእንቅልፏ» አለችኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ የሚባለውን አልኩ። «መጣሁ» ብዬ ዘጋሁት። አውቶቡሱ ደርሶ በሩን ከፈተ፤ ሾፌሩ አየኝ፤ ዘግቶ ሄደ። እኔ በዚያች አንዲት ቃል ተይዤ ቆሜ ቀረሁ። በእንቅልፏ። እንዲህ ሲባል ስንሰማ ሁላችንም «ታድላ!» ነው የምንለው። ሳትሠቃይ፣ ሳትጨነቅ። እማማ ትሩስን የሚያውቅ ግን እንዲያ አይልም። ለእሳቸው እንቅልፍ ማለት ማን እንደሚገባበት የማይታወቅ ክፍል ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ እንዲህ ከመሀል ገብቼ ሳወራ ልጆቼም ይስቁብኛል።

እማማ ትሩስ ሆላንዳዊት ነበሩ። ከሆላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ከገበሬ ቤት ተወልደው፣ ገና ኮረዳ ሳሉ በመርከብ ካናዳ የገቡ። ቶሮንቶ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ በታይፒስትነት ሠርተው፣ ባል ቀብረው፣ አንዲት ልጃቸውን አኔትን አሳድገው፣ እኔ ስደርስባቸው ዳንፎርዝ ላይ ካሉት የቆዩ አፓርትመንቶች በአንዱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ ቤት ለቤት እየሄድኩ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች የምንከባከብ ሠራተኛ ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ምሳ አበላለሁ። የምኖረው ክሬሰንት ታውን ስለሆነ ኤጀንሲው «ለአንቺ ቅርብ ናቸው» ብሎ መደበኝ። ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ፣ «ክፉ አይደሉም፤ ግን ጠያቂ ናቸው፤ አፍሽን ያደርቁታል» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

በር የሚሞላ ቁመት ነበራቸው፤ እርጅናም ብዙ አላጎበጣቸው። አንድ ልማድ አላቸው። ቃል ሲጥማቸው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው፣ ጨው የቆነጠሩ ይመስል፣ አየር ላይ ይይዙታል። ይህን መጀመሪያ ያየሁት በገዛ ስሜ ነው።

«ስምሽ ማነው?»

«ሜሪ።» ባጄ ላይም እንደዚያ ነው የሚለው። ሥራ ቦታ ሁሉም ሜሪ ነው የሚለኝ።

«እናትሽ ሜሪ ብላ ነው የጠራችሽ?»

«ኧረ አይደለም። ማርያማዊት ነው።»

ጣቶቻቸው ተገጠሙ። «ማርያም... አዊት። ራሱን አወቅሁት። ጭራውስ ምን ማለት ነው?»

«የማርያም የሆነች፣ የእሷ ወገን እንደማለት።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ጭራ ቆርጠሽ ነው ሰው ቤት የምትገቢው?»

ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን ሜሪ ብለውኝ አያውቁም። ምላሳቸው እየተንገዳገደም ቢሆን «ማሪያማዊት» ነው። እኔም እማማ ትሩስ አልኳቸው። «እማማ» ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ቀና ብለው ተቀመጡና፣ «በዚህ ሁሉ ዓመት እዚህ አገር እንዲህ የጠራኝ የለም» አሉ።

ምሳ ሰዓታችን የቃል ሰዓት ሆነ። «ቃል እንደ ሰው ነው» ይሉኛል ሾርባቸውን እያማሰሉ። «አባት አለው፣ እናት አለው። አያቱን ሳትጠይቂ አፍሽ ውስጥ አታስገቢው፤ ማንን ይዘሽ እንደምትዞሪ አታውቂም።» ሆላንዶች ሁለት ቃል አጋብተው ሦስተኛ መውለድ ይወዳሉ አሉኝ። ጓንትን «የእጅ ጫማ» ነው የሚሉት። ኤሊን ደግሞ «ጋሻ ያለው ጉርጥ»። ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ «ሳቂ፣ ሳቂ! አሁን ደግሞ ከእናንተ አምጪ» ይላሉ።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ከእናንተ አምጪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ልብ ወለድ» አልኳቸው አንድ ቀን። «ሰው ከራሱ ፈጥሮ የሚጽፈው ታሪክ ነው።»

«ቃል በቃልስ?»

«ልብ የወለደው።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አባቱ ማነው?»

«እማማ ትሩስ! እንደሱ አይጠየቅም።»

«ልብ ብቻዋን ወለደች? ጎበዝ ናት።»

ሌላ ቀን እንጀራ እናትን ነገርኳቸው፤ ያልወለደችሽ፣ አባትሽ ያገባት፣ እናቴ የምትያት ሴት ብዬ። እንጀራ የሚለውን ሳስረዳ፣ «የዳቦ እናት!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «ግን ስታበላ ነው ስትከለክል እንዲህ ያሏት?»

ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። አልጋ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የቤት ጫማቸውን ያዞራሉ፤ ጫፉ ወደ በሩ፣ ተረከዙ ወደ አልጋው። እኔ ደግሞ ወለል ላይ የተተወ ነገር አልወድም። ሲነሱ እንዳያደናቅፋቸው ብዬ ወደ አልጋው ሥር ልገፋው ስል፣

«ተዪው!» አሉኝ።

እንዲያ ጮኸውብኝ አያውቁም። ደነገጥኩ። እሳቸውም ደነገጡ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሷ ስትመጣ ጫማውን ትከተላለች። ወደ ውጭ የሚሄድ ከመሰላት ተከትላው ትወጣለች። ካልሆነ እዚህ ትቀመጣለች» አሉና ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ።

«ማናት እሷ?»

«ናኽትሜሪ።»

ሁሉም ነገር ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ናኽት ማለት ሌሊት ነው። ሜሪ ማለት ደግሞ ባዝራ፣ ሴቷ ፈረስ። የሌሊት ባዝራ ማለት ነው። ሆላንዶች ቅዠትን እንዲህ ይሉታል።

«ፈረስ ናት ደረትዎ ላይ የምትቀመጠው?» አልኳቸው።

«ፈረስነቷ ውሸት ነው» አሉ። ትራሳቸውን ደገፍኩላቸውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የቃሉን ዘር የቆጠሩልኝ ያን ዕለት ነው።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ቃሉ ናኽትማሬ ነበር። ማሬ ፈረስ አይደለችም። ሰው ሲተኛ መጥታ ደረቱ ላይ የምትጫን፣ አንደበቱን የምትይዝ ነገር ናት። እንግሊዞች ናይትሜር ሲሉ ከኋላ ያለችው እሷ ናት። ፈረንሳዮች ቅዠትን የሚጠሩበት ቃል ጭራ ላይ አለች። በሰሜን፣ በበረዶው አገር፣ ማራ ይሏታል።

«ከዚያ ሰው ረሳት» አሉ። «ስሟ ግን አፉ ላይ ቀረ። ማሬ፣ ማሬ ይላል፤ ምን እንደሆነች አያውቅም። ግራ ሲገባው በረቱ ውስጥ ባለችው ባዝራ አደረጋት። ባዝራዪቱ የሌላ ቤት ልጅ ናት። ማርሻል የሚባለው የጦር ማዕረግ እንኳን ከእሷ ወገን ነው፤ ድሮ የፈረስ አሽከር ማለት ነበር። ከማሬ ጋር ምንም ዝምድና የላትም፤ ስማቸው ነው የተመሳሰለው።»

«ሞክሼ ናቸው» አልኩ።

«ምን?»

«በእኛ አገር ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼ ይባባላሉ። ዘመድ ሳይሆኑ።»

ጣቶቻቸው ተገጠሙ። «ሞክሼ...» አሉ። «እንግዲህ ባዝራዪቱ የቃሉ እንጀራ እናት ናት። ወላጅ እናቱ ውጭ በረንዳ ላይ ቀርታለች።»

«የማሬስ እናት? ከእሷ በላይ ማን አለ?»

«እዚያ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። አንዱ መጨፍለቅ ከሚል ሥር ነው ይላል፤ ሌላው መሞት ከሚል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሁለቱንም በደረቴ አውቃቸዋለሁ» አሉ፤ ሳይስቁ።

አባታቸው ለእርሻ የምትሆን ባዝራ ነበረቻቸው። አንዳንድ ጠዋት በረቱን ሲከፍቱ፣ ማንም ሳይጋልባት፣ በላብ ተጠምቃ ያገኟታል። ጋማዋ እንደ ሴት ጸጉር ተጎንጉኖ። አባትየው ለማንም ምንም አይሉም። ሄደው ከፖም ዛፍ ላይ የበቀለ ተቀጽላ ቆርጠው በረቱ በር ላይ ይሰቅላሉ። «የዚያን ተቀጽላ ስም ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። «ማሬታክ። የማሬ ቅርንጫፍ። ሰው በአፉ ፈረስ ሲያደርጋት፣ ዛፍ ላይ ያለው ስሟ እንዳለ ቀረ።»

እኔም ስለ ዱካክ ነገርኳቸው። ዓይንሽ ተገልጦ፣ ክፍሉ እየታየሽ፣ እጅሽ እንቢ ሲል፣ አንድ የከበደ ነገር ከላይሽ ሲሆን፤ እናቴም ትራስ ሥር ብረት ታደርግ እንደነበር።

«ዱካክ» አሉ ቆንጥረው። «ወላጆቹስ እነማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ። አላውቅለትም።»

«የሙት ልጅ» አሉ። ስለ እውነተኛ ሕፃን የሚያወሩ ይመስል አዘኑ።

ከዚያ በኋላ የቀን ሥራችን ሆነ። ወደ ታች ወርደን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስንቀመጥ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ። «በአገርህ ሰው ሲተኛ ደረቱ ላይ የሚቀመጠውን ምን ትሉታላችሁ?» ጥግ ላይ ግሮሰሪ ያለው ባንግላዴሻዊ፣ «ቦባ፤ ዲዳው ማለት ነው፤ አፍ ይይዛል» አለን። የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ ከምሥራቅ ካናዳ፣ ከባሕሩ ዳር የመጣ ነው፤ እሱም፣ «እኛ አሮጊቷ ነው የምንላት፤ አያቴን ታውቃት ነበር» አለን። እማማ ትሩስ እንደ ሰርግ እንግዳ ነበር ደስ የሚላቸው። እኔን ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ምን ትሉታላችሁ ሲባል፣ ምን ማለትዎ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወዲያው ያውቀዋል። ሁሉም ሲነግረን ድምፁን ቀነሰ፤ ማሽኖቹ እየጮሁ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ያ ደህናው ጊዜ ነበር። ቆይቶ እንግሊዝኛው ሸሻቸው። ሐኪሙ ለአኔት እንዳስረዳት የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ ቀድሞ ይጥላል። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባቸው፤ ማንኪያን «ያ የሾርባው ጓደኛ» ይሉኝ ጀመር። ከዚያ ጨዋታው ቀረ። የቀረቻቸው የልጅነት ሆላንድኛቸውና ጥቂት ስባሪ እንግሊዝኛ ናት። አኔት ደግሞ ሆላንድኛ አትችልም። በዚያ ዘመን የመጡ ወላጆች ልጆቻቸው የዚህ አገር ሰው እንዲሆኑ ብለው ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚያወሩት። እናትየው ቋንቋቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ልጅ ደጅ ላይ ቀረች። እኔ ጥቂት ለቃቀምኩ። ብርድ፣ ውሃ፣ ያመኛል፣ ይጣፍጣል። ስሜን ግን አልጣሉትም። «ማሪያማዊት» እንዳለ ነበር።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ እሳቸው ጋደም ብለው እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውጭ በረዶው ላይ ፀሐይ ወጥታ ቤቱ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። በድንገት ቤቱ ዝም አለ። ሁልጊዜም ዝም ያለ ቤት ነው፤ ይህ ግን ሌላ ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ከበር ኋላ ሲቆም ያለው ዓይነት። እጄን ሳላደርቅ ገባሁ።

በጀርባቸው ተንጋለዋል። ዓይናቸው ፈጧል። እኔን አያዩኝም። የሚያዩት ከደረታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ የተደፋባቸው ሰው ቢኖር ፊቱ የሚሆንበትን ቦታ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። ብርድ ልብሱ ደግሞ፣ አትሳቁብኝ፣ ደረታቸው ላይ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ከሶፋ ስትነሱ ትራሱ ላይ የሚቀረው ዓይነት ጉድጓድ። ግን የተነሱበት ሳይሆን የተቀመጡበት።

«በስመ አብ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን ጎትተው ሳቡት። ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ጫማቸውን ላቀርብ ጎንበስ ስል፣ ጫፉ ወደ አልጋው ዞሯል። እሳቸው ሲተኙ እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ሲያዞሩት አይቻለሁ። እኔ አልነካሁትም። ከሁለታችን በቀር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

«ሜሪ» አሉ እያለቀሱ። «ሜሪ።»

ናኽት የሚለውን አላሉም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ለሱፐርቫይዘሬ ለዶና ወዲያው ደውዬ ሲተኙ ትንፋሽ እንዳጠራቸው ነገርኳት። ሐኪም አያቸው፤ ልባቸው ደህና ነው ተባለ። ነገሩ ግን ይመላለስባቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዶና ራሷ ደወለችልኝ።

«ሜሪ፣ ነገ ሺፍትሽ ላይ እንዳትሄጂ» አለችኝ። የለመድኩት ድምፅዋ አልነበረም። «ቤተሰቡ ከስሶሻል።»

እማማ ትሩስ ለልጃቸው ነግረዋት ነበር። በቀረቻቸው ስባሪ እንግሊዝኛ፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ እያለቀሱ። ሜሪ ትቀመጥብኛለች። እዚህ፣ ደረቴ ላይ። ከምሳ በኋላ።

በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ከተረጋገጠ ዳግም ሰው ቤት የሚያስገባሽ የለም። ሥራው ቢቀር ይቅር፤ አሮጊት ደረት ላይ የምትቀመጥ ሴት ተብሎ መጠራት አለ። ባሌ «ጠበቃ እንያዝ» እያለ ይንቆራጠጣል። እኔን ግን ከስሜ እኩል ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። ሁሉም ሜሪን አባረርናት ብሎ እፎይ ሊል ነው። ሜሪ ግን ውስጥ ናት። እኒያ ሴትዮ ከእሷ ጋር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

ኤጀንሲው ቢሮ ተጠራሁ። አኔት ዓይኗ አብጦ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

«እናቴ አትዋሽም» አለች ገና ስቀመጥ።

«አይዋሹም» አልኳት። «ግን አኔት፣ እናትሽ እኔን ሜሪ ብለውኝ ያውቃሉ? ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ሰምተሻል።»

ካፖርቷን ሰብሰብ አደረገች። ሰምታለች።

«ሜሪ በእናትሽ ቋንቋ ባዝራ ማለት ነው። ቅዠትን የሌሊት ባዝራ ይሉታል። ናኽትሜሪ።»

ዶና ስልኳን አውጥታ ፈለገች። «ኦ ጌታዬ፣ እውነትም» ብላ ለአኔት አሳየቻት። አኔት ስክሪኑን ብዙ ቆይታ አየችው።

«ናኽት አላለችም» አለች። «ሜሪ ነው ያለችው። ሜሪ ብቻ። ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ።»

እውነቷን ነው። እኔም ራሴ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ከዚያ እማማ ትሩስ በዓይኔ መጡ፤ ቃል ቆንጥረው፣ ወዲያ ወዲህ አገላብጠው፣ ትርፍ ካለው የማይቀበሉት ሴትዮ።

«መቼ ነው የምትመጣባቸው?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ከምሳ በኋላ።»

«ቀን ነዋ፣ አኔት! እናትሽ በቀን የመጣባቸውን ነገር የሌሊት ብለው ይጠሩልሻል?»

ዶና ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። አኔት ግን አልሳቀችም፤ አላመነችኝምም። አልፈርድባትም። እናቴ ብትሆን እኔስ የተጠረጠረችውን በቃል ትርጉም እለቃት ነበር?

«እኔ ራሴ አብሬያት እውላለሁ» አለች ተነሥታ። «አንቺ አትምጪ። ሜሪ ካልመጣች እናውቃለን።»

«ከመጣችስ?»

በሩን ከፍታ ወጣች።

ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት ልነግራችሁ አልችልም። አስቡት፤ የኔ ስም እንዲነጻ ያቺ ነገር ወደ እሳቸው መሄድ ነበረባት። እንድትሄድ መጸለይ ነውር ነው። እንዳትሄድ መጸለይ ራሴን በገዛ እጄ መቅበር ነው። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ምንም ሳልል እመለሳለሁ።

አኔት የደወለችው ድንች እየላጥኩ ሳለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር።

«ማሪያማዊት» አለችኝ። በእናቷ አጠራር። ከዚያ በፊት እንዲያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

«አቤት።»

«እንዳትፈራ ብዬ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት። ደህና ተኝታ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ እጄ...»

«እጅሽ ምን?»

«ከበደኝ። ከላይ። ላነሳው አልቻልኩም።» ስታለቅስ ይሰማኛል። «ነይ። እባክሽ ነይ።»

ሄድኩ። ዶና ነገሩን ዘጋችው፤ ምን ብላ እንደዘጋችው አልጠየቅኳትም። አኔት ቤቷን ትታ እናቷ ጋ ጠቅልላ ገባች። ለእማማ ትሩስም በምልክትም በቃልም ስታስረዳቸው ከረመች፤ ማሪያማዊት የሄደችው ሜሪ ስላልሽ ነው፤ ሰው ተሳስቶ ነው። ይገባቸው አይገባቸው አናውቅም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ ነገር ስትመጣ ሁለታችንም እዚያው ነበርን። እጃቸውን ያዝኩ፤ አየሩን ሳቡት። ከንፈራቸው «ሜ» ለማለት ገጠመ። አቆሙ። እኔን አዩኝ፤ በር ላይ የቆመችውን አኔትን አዩ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ፤ ሁለቱ ጣቶች ፈልገው ፈልገው ተገናኙ።

«ዱካክ» አሉ።

ማንኪያ የጠፋባቸው፣ የልጃቸው ስም እንኳን አንዳንድ ቀን የሚያመልጣቸው ሴትዮ። ከዚያ ወዲያ ሜሪ የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። በአባታቸው በረት የሰሟትን ቃል እኔን እንዳትነካ ብለው ተዉአት፤ የሙት ልጅ ነው ያሉትን ወስደው አሳደጉት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። አኔት ተከትላኝ መጥታ ጀርባዬ ላይ እጇን አሳረፈች።

እንግዲህ ያን ጠዋት ከጣቢያው ስደርስ አስከሬኑን ወስደውታል። አኔት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ብቻዬን መግባት አቃተኝ» አለች።

ተያይዘን ገባን። አልጋው እንደነበረ ነው።

«ሁልጊዜ በጀርባዋ ነበር የምትተኛው፣ አይደል?»

«ሁልጊዜ። መዞር አይሆንላቸውም ነበር፤ እኔ ነኝ የማዞራቸው።»

«ጠዋት ሳገኛት በጎኗ ነበረች። አልጋው ጠርዝ ድረስ ተጠግታ።»

«ፈርተው ነበር?» የፈራሁት ጥያቄ ይሄ ነበር።

አኔት ወደ አልጋው ጠርዝ አየች። «አይ» አለች። «ለሰው ቦታ የለቀቀች ነበር የምትመስለው።»

ለማን አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። «አንሶላውን እናንሳው» አልኳት፤ ሥራ ሲይዙ ይሻላል ብዬ። እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ጫፍ ጫፉን ይዘን ወጠርነው። ስናነሳው መሀሉ አልመጣም። ቀጭን የጥጥ አንሶላ ነው፤ ስንቴ በአንድ እጄ ገፍፌ አጥፌዋለሁ። ሳብ አደረግሁት። ከበደ።

አኔት ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ነጥቷል፤ ጨርቁን ግን አልለቀቀችም።

«ቀስ በዪ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «እንዳትቀሰቅሻት።»

አልጋውን መልሰን አለበስነው።